የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትና የቅኔ ቤቱ አዕማድ



ዛሬ የምናገረው በየክፍሉ፣ በየደብተሩና በየፈተና ወረቀቱ ስለምናየው ችግር ነው። ተማሪው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጥንቷል። ለብቻ ለብቻ ሲጠየቅ ይመልሳል። አንድ ላይ ሲመጡበት ግን ይምታቱበታል። «ቦሮው» መበደር ነው ወይስ ማበደር? «ሪሜምበር» ማስታወስ ከሆነ «ሪማይንድ» ምንድን ነው? «ራይዝ» እና «ሬይዝ» ለምን ሁለት ሆኑ?

ለዚህ ችግር የተዘጋጁ መጻሕፍት ሞልተዋል። መቶ ጥንድ ቃል ይደረድሩና ትርጉማቸውን ጎን ለጎን ይጽፋሉ። እኔ ዛሬ ሌላ መቶ ጥንድ ልደረድርላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት አንድ ነገር ላስረዳችሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚሳሳተው በዘፈቀደ አይደለም። ስሕተቱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም ከአማርኛ የመጣ ነው። ለቻይና ወይም ለስፔን ተማሪ የተጻፈ ዝርዝር የእኛን ልጅ ስሕተት አያውቀውም። አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ግን ያውቀዋል፤ ማረሚያውም ከዚያው ከአማርኛ ይገኛል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ልጆቻችን ከመጀመሪያው ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ይማራሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ውጤት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን የፊዚክሱን ሐሳብ እያወቀ የጥያቄውን አንድ ቃል ባለመለየቱ ነጥብ የሚያጣ ተማሪ እንዳለ የማያውቅ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።

እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ይህ ቦታ አልነበረውም። በ1908 እ.ኤ.አ. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች ብዙ ክብር የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ የበላይነቱን ያገኘው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ በአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያነት አማርኛ የተካው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ይህን የማነሣው አንድ የውጭ ቋንቋ ወደ አንድ አገር የሚገባው በታሪክ በር እንደሆነ ለማሳየት ነው። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ከእናት ቋንቋችን ሌላ የሆነ ቋንቋን በሥርዓት የማስተማር ልማድ ነበረን። እሱም የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት አባቶች መካከል በደራም፣ በጎንደርም፣ በጎጃምም ቅኔ ቤት የቆያችሁ አላችሁ። ግእዝ ለተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋው አይደለም። ታዲያ የቅኔ መምህሩ እንዴት ያስተምራል? ግሡን ያወርዳል፤ አጠገቡ አማርኛውን ያስቀምጣል። «መሀረ» አስተማረ፤ «ተምህረ» ተማረ። ከዚያ ግሡን በአዕማዱ ያሠልፈዋል፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ተማሪው አንድን ግሥ ሲሰማ ድርጊቱን ማን እንደሠራው፣ በማን ላይ እንደደረሰ፣ ማን እንዳሠራው ጠይቆ ካልለየ ቅኔውን አይፈታም። እነዚህን አምስት አዕማድ ያዙልኝ፤ የእንግሊዝኛን ግራ የሚያጋቡ ግሦች ግማሽ ያህሉን የምንፈታው በእነሱ ነው።

«ሌንድ» እና «ቦሮው»ን እንውሰድ። አማርኛ ሰጪውንም ተቀባዩንም በአንድ ሥር ነው የሚገልጸው። ሰጪው አበደረ፤ ተቀባዩ ተበደረ። መጽሐፍ ከሆነም አንዱ አዋሰ፣ ሌላው ተዋሰ። ልዩነቱን የሚሸከመው «አ» እና «ተ» ነው። እንግሊዝኛ ግን በፊደል ለውጥ ሳይሆን በሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት ይለየዋል። የእኛ ተማሪ በአእምሮው ውስጥ ያለው «ብድር» የሚባል አንድ ነገር ስለሆነ፣ ሁለቱን ባዕድ ቃላት እዚያው አንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ «እስክሪብቶ አውሰኝ» ማለት ሲፈልግ «ቦሮው ሚ» ይላል። መምህሩም «ሌንድ ማለት ለጊዜው መስጠት፣ ቦሮው ማለት ለጊዜው መውሰድ» ብሎ ያስጽፈዋል። ልክ ነው፤ ግን ይህ ትርጉም በማግሥቱ ይረሳል። «ሌንድ የአ ነው፤ ቦሮው የተ ነው» ብንለው ግን ልጁ ከእናቱ በወሰደው ሰዋስው ላይ እንሰካለታለን። አበደረ ሌንድ፣ ተበደረ ቦሮው። አስተማረ «ቲች»፣ ተማረ «ለርን»። አስቀመጠ «ሴት»፣ ተቀመጠ «ሲት»። አጋደመ «ሌይ»፣ ተጋደመ «ላይ»። አነሣ «ሬይዝ»፣ ተነሣ «ራይዝ»።

በ«ራይዝ» እና «ሬይዝ» ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህ ጥንድ በፈተናም በጋዜጣም የሚመላለስ ነው። ክረምት ላይ የጉማራ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ከፍ አለ እንላለን። ገበሬው ጎርፉን ለመከላከል የማሳውን ድንበር ከፍ አደረገ እንላለን። «ከፍ አለ» እና «ከፍ አደረገ»! የመጀመሪያው ራይዝ ነው፤ ሁለተኛው ሬይዝ ነው። አማርኛ በ«አለ» እና በ«አደረገ» ልዩነቱን ገልጦ አስቀምጦታል። ዋጋው ጨመረ ለማለት ራይዝ፤ ነጋዴው ዋጋውን ጨመረ ለማለት ሬይዝ። እዚህ ላይ «ጨመረ» በአማርኛ ሁለቱንም ስለሚችል ተማሪው ይደናገራል፤ ማጣሪያውም አማርኛ ውስጥ አለ። «ምንን?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው ምንን ጨመረ? ዋጋውን። መልስ ካለው ሬይዝ ነው። ዋጋው ምንን ጨመረ? ጥያቄው ራሱ አይሠራም፤ እንግዲያው ራይዝ ነው። ይቺ የ«ን» ፈተና ሌይና ላይንም ትለያለች፤ ምንም እንኳ የላይ ኃላፊ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ሆኖ የተወለዱበትንም እንግሊዞች የሚያሳስት ቢሆንም።

ከዚሁ ቤት የሚወጣ ሌላ ጥንድ አለ፤ በእኔ ግምት በወጣቶቻችን አፍ ላይ ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ይኸኛው ነው። ተማሪው ትምህርቱ ሲሰለቸው «አይ አም ቦሪንግ» ይላል። እንዲህ ማለቱ «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ መመስከሩ ነው። ሊል የፈለገው «ቦርድ» ነበር። መጽሐፉ «በኢንግ የሚያልቀው ለነገሩ፣ በኢድ የሚያልቀው ለሰውየው» ይለዋል። ይህ ደንብ ይሰነካከላል፤ ሰውም አሰልቺ ሊሆን ይችላልና። አማርኛው አይሰነካከልም። አሰልቺ፣ አስደሳች፣ አስገራሚ፣ አድካሚ፣ አስፈሪ፣ አሳፋሪ፤ እነዚህ ሁሉ ስሜቱን በሌላው ላይ የሚያሳድሩ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ቤታቸው «ኢንግ» ነው። የሰለቸው፣ የተደሰተ፣ የተገረመ፣ የደከመው፣ የፈራ፣ ያፈረ፤ እነዚህ ስሜቱ የደረሰባቸው ናቸው፤ ቤታቸው «ኢድ» ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህንን አስደራጊና ተደራጊ ብሎ ከጠቀለለው ቆይቷል።

እስካሁን ያየነው አማርኛ ልዩነቱን የሚያውቀውን ነው። አሁን ደግሞ አማርኛ በአንድ ቃል አጠቃሎ የሚሄደውን እንይ። እዚህ የተማሪው ችግር ይከብዳል፤ የሚለየውን ነገር ከቤቱ ይዞ አልመጣምና።

«አስታወሰኝ» ስንል ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ሰውየው እኔን ከልቡ አልረሳኝም፤ ሌላው፣ የረሳሁትን ነገር አሳሰበኝ። የመጀመሪያው ሪሜምበር ነው፤ ሁለተኛው ሪማይንድ። በአማርኛ ዐውዱ ይለየዋልና ችግር የለብንም። እንግሊዝኛ ግን ዐውድ አይጠብቅም። እዚህ የሚረዳን «አሳሰበ» የሚለውን ቃል መጥራት ነው። በ«አሳሰበ» መተካት ከቻላችሁ ሪማይንድ ነው፤ በ«ትዝ አለው» መተካት ከቻላችሁ ሪሜምበር ነው።

«ጠበቀ»ም እንዲሁ ነው። መኪና እንጠብቃለን፤ ጥሩ ምርት እንጠብቃለን፤ ከብት እንጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ሦስቱ ሦስት ቃላት ናቸው። መናኸሪያ ቆሞ መኪና የሚጠብቅ «ዌይት» ያደርጋል፤ ዘንድሮ ጥሩ ምርት ይሆናል ብሎ የሚያምን «ኤክስፔክት» ያደርጋል፤ ከብት የሚጠብቀው ደግሞ እረኛ ነው፤ ሥራውን የሚገልጽ ሌላ ቃል አለው። ሥራ ፍለጋ ማመልከቻ የሚጽፍ ወጣት «መልሳችሁን በተስፋ እጠብቃለሁ» ለማለት ኤክስፔክትን ሲጽፍ፣ እንግሊዝኛ አንባቢው «ልትመልሱልኝ ይገባል» የሚል ትእዛዝ ሊሰማው ይችላል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቃሉ ግን ክብሩን አሳጣው።

«እስከ»ን ተመልከቱ። «እስከ ዓርብ እዚህ ቆይ» እና «እስከ ዓርብ የቤት ሥራህን አስገባ»። በአማርኛ አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «አንቲል»፣ ሁለተኛው «ባይ» ነው። መለያው የድርጊቱ ዕድሜ ነው። መቆየት እስከ ዓርብ ሲቀጥል ይውላል፤ ማስገባት ግን ከዓርብ በፊት ወይም በዓርብ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው። ለውጭ የትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ልጆች የማስረከቢያውን ቀን የሚያነቡት በዚህች «ባይ» በምትባል ቃል ነው።

«ሰረቀኝ» ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነው። በአማርኛ የተሰረቀው ገንዘብ ቢሆንም ግሡ ላይ የሚለጠፈው ባለገንዘቡ ነው፤ ሰረቀኝ፣ ሰረቀው፣ ሰረቃት። ይህንኑ ይዞ ፖሊስ ፊት «ሂ ስቶል ሚ» ያለ ሰው «ሰውየው እኔን ራሴን ወሰደኝ» እያለ ነው። እንግሊዝኛ ዕቃው ሲነሣ «ስቲል» ይላል፤ ሰውየው ሲነሣ «ሮብ» ይላል። «ነገረኝ»ና «አለኝ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ቴል» ሰሚውን ወዲያው ያስከትላል፤ «ሴይ» ግን «ሂ ሴድ ሚ» ተብሎ አይነገርም።

የአካል ክፍሎችን በአጭሩ ልለፍ። የእጅም የእግርም ጣት ለእኛ ጣት ነው፤ ለእነሱ «ፊንገር» እና «ቶ» ናቸው። ከትከሻ እስከ ጥፍር እጅ እንላለን፤ እነሱ «አርም» እና «ሃንድ» ብለው ይከፍሉታል። እግርም «ሌግ» እና «ፉት» ነው። ሐኪም ዘንድ ካልሆነ ብዙ አይጎዳም።

ተማሪዎች ከዚህ ተነሥታችሁ አማርኛ ድኻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። «ሬንት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ቤቱን ያከራየውም የተከራየውም በእንግሊዝኛ ሬንት አደረገ ይባላል። እኛ አከራይና ተከራይ ብለን ለይተን ተቀምጠናል። እንግሊዝኛው «ዩ» የሚላት አንዲት ቃል ለእኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተ ናት። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ ሲጠራ የእኛ ልጅ ቦሮውና ሌንድን ባምታታበት ምክንያት ነው የተሳሳተው።

አሁን ወደ ድምፅ ልሂድ። ፎገራ ሜዳ አጠገብ ተቀምጠን ይህን ካላነሣን ይቅር አይባልልንም፤ ሜዳው የሩዝ አገር ነውና። ሩዝ በእንግሊዝኛ «ራይስ» ነው። ከፍ ማለት «ራይዝ» ነው። ዋጋ «ፕራይስ» ነው። ሽልማት «ፕራይዝ» ነው። ስለዚህ ወረታ ገበያ ላይ የሩዝ ዋጋ ወጣ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ በ«ስ» እና በ«ዝ» መካከል ሦስት ጊዜ መምረጥ አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይበልጣል። ላቲኑ «መጠቀም» የሚለውን ግሥና «ጥቅም» የሚለውን ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ይጽፋቸዋል፤ አነባበባቸው ግን አንዱ «ዩዝ»፣ ሌላው «ዩስ» ነው። «ዝጋ» የሚለውና «ቅርብ» የሚለውም አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ «ክሎዝ» እና «ክሎስ» ይባላሉ። በግእዝ ፊደል ስንጽፋቸው ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። «አድቫይስ» ምክር ነው፤ «አድቫይዝ» መከረ ነው። «ሉስ» ልል ነው፤ «ሉዝ» ጠፋበት ወይም ተሸነፈ ነው። በእነዚህ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ «ስ» ስሙን ወይም ቅጽሉን፣ «ዝ» ግሡን ይዞ ይሄዳል። ተማሪው ደብተሩ ጠርዝ ላይ አነባበቡን በራሱ ፊደል ቢጽፍ የሚነቅፍ መምህር ካለ፣ እባኩን ይተወው። በዚህ ቦታ ፊደላችን የተሻለ መሣሪያ ነው።

በሌላ ቦታ ደግሞ ፊደላችን ያታልለናል። በጉንም መርከቡንም «ሺፕ» ብለን ነው የምንጽፋቸው። «ኖረ»ም «ትቶ ሄደ»ም «ሊቭ» ሆነው ይወጣሉ። «ሙሉ»ም «ሞኝ»ም «ፉል» ናቸው። የእኛ አናባቢዎች ሰባት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ሃያ ያህል የአናባቢ ድምፆች አሉት። አንድ እንግሊዛዊ የበጉን «ሺ» ይስበዋል፤ ከንፈሩንም ወደ ጎን ይዘረጋል፤ የመርከቡን ግን አጭርና ላላ አድርጎ፣ በእኛ «ሽ» እና «ሺ» መካከል ይተወዋል። ለአማርኛ ጆሮ ይህ አይቻልም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የእኛ ልጅ በፊደል አንድ የሆኑ ቃላትን በጆሮው ሲለይ ነው ያደገው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ዋነኛ ማለት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ጆሯችን በተነባቢ ላይ ርዝመትን ለመለየት የሠለጠነ ነው፤ የሚያስፈልገው ያንኑ ችሎታ ወደ አናባቢ ማዛወር ነው። ይህ በጽሑፍ አይመጣም፤ መምህሩ አፉን ከፍቶ ደጋግሞ ማሰማት አለበት።

አንደበታችን የማያውቃቸው ድምፆችም አሉ። ማሰብንም መስመጥንም «ሲንክ»፣ ሦስትንም ዛፍንም «ትሪ» የምንለው ምላስን በጥርስ መካከል የማውጣት ልማድ ስለሌለን ነው። ይህ በመስታወት ፊት የሚለመድ ነው፤ አልቆይበትም።

የፊደል አጣጣል ጥንዶችንም ፈጥኜ ልለፍ። ርእሰ መምህርና መርሕ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ፕሪንሲፕል» ተብለው ይነበባሉ፤ መጨረሻቸው ላይ ይለያያሉ። የጽሕፈት መሣሪያና ቆሞ የቀረ ነገር ሁለቱም «ስቴሽነሪ» ናቸው። እነዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪውንም የሚያሳስቱ ናቸው። እኛ ሞክሼ ፊደላት እንደምንለው ዓይነት ነው፤ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌባው የሠራው ነው፤ «ዓመት» የዘመን መለኪያ ነው፣ «አመት» ሴት አገልጋይ ናት። ይህን በዓይን እንጂ በጆሮ ማንም አይለየውም። መድኃኒቱ ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው።

ቃል ማምታታት ነጥብ ብቻ ሳይሆን ማሳም ጤናም የሚያሳጣበት ቦታ አለ። የፀረ አረም ኬሚካል ዕቃ ላይ የሚጻፈውን አስቡ። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለገበሬው የሚያነብለትም ትምህርት ቤት ያለው ልጁ ነው። «ሴሌክቲቭ» የሚል ካለ መርጦ የሚገድል ነው። «ቱ ፎር ዲ» የምንለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እያጠፋ እንደ ጤፍና ሩዝ ያሉትን የሣር ወገኖች ይተዋል፤ ጓያና ሽምብራን ግን ይጎዳል፤ እነሱ ቅጠለ ሰፊ ናቸውና። «ነን ሴሌክቲቭ» የሚል ከሆነ ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ የሚገድል ነው፤ ግላይፎሴት እንዲህ ያለ ነው። ከፊት ያለችውን «ነን» የዘለለ ልጅ የአባቱን ሩዝ ከአረሙ ጋር ያደርቃል። «ፕሪ» እና «ፖስት» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ አረሙ ከመብቀሉ በፊት፣ ሌላው ከበቀለ በኋላ የሚረጭ መሆኑን ይናገራሉ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ባለበት አካባቢ እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ መምህሩ ክፍል ውስጥ መግባት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

በጤና በኩል «ሃይፐር» እና «ሃይፖ» አሉ። ሁለቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ ሃይፐር ከላይ፣ ሃይፖ ከታች ማለት ነው። «ሃይፐርቴንሽን» የደም ግፊት ከፍ ማለት፣ «ሃይፖቴንሽን» ዝቅ ማለት ነው። የስኳር መጠንም በእነዚሁ ሁለት ቃላት ይነገራል፤ ሕክምናቸው ተቃራኒ ነው። ነዳጅ ላይ የሚጻፈው «ኢንፍሌመብል» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። መጀመሪያው ላይ ያለችው «ኢን» አፍራሽ መስላ የማይቀጣጠል ያስመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «ፍሌመብል» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል። የማይቀጣጠለው «ነን ፍሌመብል» ነው።

ተውሰን አማርኛ ያደረግናቸው ቃላትም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ መልካቸው ይለወጣል። እዚህ አንበሳሜ «ሆቴል እንግባ» ስንል ምሳ ልንበላ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሆቴል ማደሪያ ነው፤ ምሳ የሚበላበት ቤት «ሬስቶራንት» ነው። «ሞተር» ስንል ባለሁለት እግሩን ማለታችን ነው፤ ለእነሱ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። «ፋብሪካ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ይህን ይዞ «ፋብሪክ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጨርቅ ጻፈ፤ የሚፈልገው «ፋክተሪ» ነበር። «ሚኒስትሪ ተፈተንኩ» ማለት ለእኛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ትርጉም አይሰጠውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ መምህራንን ልለምን። የሚያምታቱ ሁለት ቃላትን ለጀማሪ በአንድ ቀን አታስተምሩ። የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ምሁር ፖል ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ትርጉማቸው የሚቀራረብ አዲስ ቃላት አብረው ሲጠኑ እርስ በርስ እንደሚጣረሱ ከሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራ ጋር አያይዞ አስረድቷል። አዲስ ተማሪ ሌንድንና ቦሮውን በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲያያቸው፣ ሁለቱም ብድር መሆናቸው እንጂ ማን ማን እንደሆነ አይቀርለትም። አንዱን አስቀድሙ። በዓረፍተ ነገር፣ በጥያቄ፣ በጨዋታ ልቡ ውስጥ ይጽና። ሁለተኛው ከሳምንታት በኋላ ይምጣ። ጎን ለጎን ማነጻጸር የሚጠቅመው ቃላቱን ቀድሞ አጥንቶ ለተምታታበት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ «አ» እና «ተ»ን፣ የ«ን»ን ጥያቄ፣ አስደራጊና ተደራጊን አምጡለት።

ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ እንዳይነገር መከልከል ቢቀር እወዳለሁ። የክልከላው ሐሳብ ይገባኛል፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ እንዲሰሙና እንዲናገሩ ነው። መስማትና መናገር ይብዛ። ነገር ግን ሪሜምበርንና ሪማይንድን ለመለየት አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ከማስረዳት «ትዝ አለው» እና «አሳሰበው» የሚሉ ሁለት የአማርኛ ቃላት ይበልጣሉ። የቅኔ መምህር ግእዝን ሲያስተምር አማርኛን ከጉባኤው አላስወጣም።

ሦስተኛ፣ መዝገበ ቃላት ስትመርጡ ትርጉምን ብቻ የሚሰጠውን ሳይሆን ዓረፍተ ነገር የሚሰጠውን ምረጡ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከአማርኛ ፍቺው ጋር ያቀርባል። «ጠበቀ» የት ዌይት፣ የት ኤክስፔክት እንደሚሆን በዓይን የሚታየው በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት ለተማሪ እጅ የሚመች ነው። ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍታቸው አንድ አንድ ቅጂ ቢያፈላልጉ መልካም ነው።

የመጨረሻው ሐሳቤ ሥራ ነው። በየክፍሉ አንድ ትልቅ መዝገብ ይከፈት። ተማሪ በፈተና ወይም በድርሰት ያምታታቸውን ሁለት ቃላት መምህሩ ራሱ ያስመዝግብ፤ የልጁ ስም አይጻፍ። ከቃላቱ አጠገብ ተማሪው ሊል የፈለገው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስሕተቱ የመጣው ከ«አ» እና «ተ» ነው፣ ከአንድ አጠቃላይ የአማርኛ ቃል ነው፣ ከድምፅ ነው ወይስ ከተውሶ ቃል የሚለውም ይለይ። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ መምህር ይበቃሉ። በዓመቱ መጨረሻ የደራና የፎገራ ትምህርት ቤቶች መዝገቦቻቸውን አምጥተው ቢያስተያዩ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የተዘጋጀ የሚያምታቱ ቃላት መጽሐፍ ረቂቁ በእጃችን ይሆናል። ዘጠነኛ ክፍል የምታስተምሩ መምህራን መዝገቡን በመጪው መስከረም እንድትጀምሩት እጠይቃለሁ። እኔም የራሴን ክፍል መዝገብ አብሬያችሁ እይዛለሁ፤ አዕማዱን በመለየት የሚያግዙን የቅኔ ቤት አባቶችም ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ ፈቃዳችሁን ንገሩን።